አሠሪ በገዛ ደብዳቤው የሚፈረድበት፦ የወሊድና የሕመም ፈቃድ ስህተቶች

በሥራ ክርክር ችሎት ብዙውን ጊዜ የምቆመው ለአሠሪዎች ነው። ይህን የምጽፈውም ለሠራተኛ ወግኜ አይደለም። የመከላከያ መልስ ላዘጋጅ ፋይሉን ስገልጥ፣ ደንበኛዬ በራሱ ማኅተም በራሱ ላይ ፈርዶ ማግኘት ስለሰለቸኝ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በ«መዋቅር ለውጥ» ስም ማሰናበት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴት ሠራተኛን በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ማሰናበትን ይከለክላል። ከእርግዝናዋ ጋር ያልተያያዘ፣ ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ጥፋት ወይም እውነተኛ የሠራተኛ ቅነሳ ሲኖር ብቻ ጠባብ በር ይከፈታል። ቅነሳ የሚባለው ደግሞ ቢያንስ ከሠራተኞቹ 10 በመቶውን፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ቢያንስ አምስት ሰው ሲነካ ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ተነጥላ «ተቀነሰች» የምትባልበት ሕግ የለም።

አንድ ደንበኛዬ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ለሆነች ገንዘብ ያዥ «የሥራ መደቡ ስለተዘጋ» ብሎ ጻፈላት። በሳምንቱ ለዚያው መደብ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፈ። እህቷ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ዳኛው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው «መደቡ ተዘግቶ ነው ወይስ ተከፍቶ?» ሲሉ እኔ የማየው ጠረጴዛውን ነበር።

ውጭ ስንወጣ «እሺ፣ ካሣ ከፍዬ ልገላገል» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ስህተት። በእርግዝና ምክንያት ለተሰናበተች ሠራተኛ ምርጫው የእርሷ ነው፤ ልመለስ ካለች ትመለሳለች፣ ውዝፍ ደመወዝም ይታሰብላታል። ውዝፉ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር ነው። ጊዜ ለመግዛት ይግባኝ ብሎ ውሳኔው ከጸናበት ግን እስከ አንድ ዓመት ሊደርስ ይችላል። ደንበኛዬ ይህንንም ሰምቶ ይግባኝ ብሏል።

ስለ ሕመም ፈቃድ አጭር ነገር ልበል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ብዙ ሥራ አስኪያጆች አራተኛው ወር ላይ ደመወዙን ሲያቆሙ ሰውየውንም አብረው ያቆሙታል። ደመወዝ የማይከፈልበት ወር ውሉ የተቋረጠበት ወር አይደለም።

የሐኪም ማስረጃን ሳያጣሩ «ያለ በቂ ምክንያት ቀርቷል» ብሎ ማሰናበትን በተመለከተ ግን ድንጋይ ልወረውር አልችልም። ጥብቅና ከመጀመሬ በፊት የአንድ ፋብሪካ የሕግ አገልግሎት ሠራተኛ ሳለሁ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በራሴ እጅ አርቅቄአለሁ። ማስረጃውን የሠራተኛው ወንድም ለጥበቃ ሰጥቶት፣ ጥበቃው መሳቢያው ውስጥ ረስቶት ኖሯል። እኔ መዝገብ ቤቱን እንኳ አልጠየቅሁም። ፋብሪካው የአማካይ ዕለታዊ ደመወዙን 180 እጥፍ ካሣና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ከፈለ። አለቃዬ ምንም አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ጥቃቅን የሚመስሉትም አሉ። የእርግዝና ምርመራ ቀንን ከዓመት ፈቃድ አይቀንሱ፤ ደመወዝ የሚከፈልበት የራሱ ፈቃድ አለው። ሚስቱ የወለደችለትን አባት ሦስት ቀን አይከልክሉት። የወሊድ ፈቃዱም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ቀድማ ከወለደች የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ ከዚያው ይጀምራል እንጂ 90ው አይሸራረፍም።

«ዝም ብላለች፣ ተቀብላዋለች» የሚሉም ያጋጥሙኛል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ለማቅረብ ሦስት ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ ስድስት ወር አላት። በሁለተኛው ወር የምትታየው ዝምታ አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃ ፍለጋ ነው።

ባለፈው ሰሞን አንዱ በኩራት «እኔ አላሰናበትኩም፣ በፈቃዷ ለቃለች» ብሎ የመልቀቂያ ደብዳቤ አሳየኝ። ደብዳቤው በድርጅቱ አርማ ወረቀት ላይ ተተይቧል፣ ከታች የእርሷ ፊርማ አለ። ቀኑን አየሁት። ከወለደች በ11ኛው ቀን ነው። «ክሱ ሳይሰማ ታረቅ» አልኩት።