የሬድ ዶቱ ነጥብ ጅራት ካወጣባችሁ

ካርባይኔ (አጭር ጠመንጃዬ) ላይ የገጠምኩት ርካሽ ሬድ ዶት (መስታወቱ ላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ነጥቡ 2 ኤምኦኤ (የማዕዘን መለኪያ) ነው። በ100 ሜትር ላይ 6 ሳንቲሜትር ገደማ የምትሸፍን ክብ ማለት ነው። እኔ የማየው ግን ወደ ጎን የተንጋደደ፣ ጅራት ያለው ቀይ ጭረት ነበር።

አዲስ ሲአር2032 ባትሪ ከተትኩበት። ለውጥ የለም። መስታወቱን ወለወልኩ። ያው ነው። ብርሃኑን ስቀንስ ጭረቱ አጠረ እንጂ አልጠፋም። በጣም ውድ የሆነ ሌላ ተውሼ ሞከርኩ፤ እሱም ያው ጅራት!

ፍንጩ የመጣው ከስልክ ነው። መሣሪያው ባዶ መሆኑን ደጋግሜ አረጋገጥኩና ማነጣጠሪያውን ፈታሁት። ከኋላው በስልክ ካሜራ ነጥቡን ፎቶ ሳነሳው ድብልብል ያለ ክብ ሆኖ ወጣ። ጭንቅላቴን ሳዘነብል ደግሞ ጭረቱ አብሮኝ ዞረ። ነገሩ የዓይኔ አስቲግማቲዝም (ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ የሚያደርግ የዓይን ቅርጽ መዛባት) ነው፤ ዕቃው ጤነኛ ነው።

ለካርባይኑ የሠራልኝ 1ኤክስ (የማያጎላ) ፕሪዝም ማነጣጠሪያ ነው። ምልክቱ መስታወቱ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ባትሪ ቢያልቅም በጥቁሩ ይቀራል። ስትገጥሙት ከኋላ ያለውን የዳዮፕተር (ለዓይን ጥራት ማስተካከያ) ቀለበት ምልክቱ እስኪጠራ አዙሩት። ክፋቱ፣ ዓይን ጠጋ ማለት አለበት። ስለዚህ ለሽጉጥ አይሆንም። ሽጉጡ ላይ 6 ኤምኦኤ ነጥብ ያለውን ሆሎሰን 407ኬ የተባለ ሬድ ዶት ብርሃኑን ዝቅ አድርጌ፣ ለአስቲግማቲዝም በታዘዘልኝ መነጽር እጠቀማለሁ። ትንሽ ጭራ ቀርታለች፤ ለሽጉጥ ርቀት ግን አታስቸግርም።