ከርቭድ ሞኒተሬ ጥላ መጎተቱን እንዴት አስተካከልኩት

ጅማ ውስጥ ረከስ ያለ ከርቭድ (ስክሪኑ ጎበጥ ያለ) ጌሚንግ ሞኒተር ለገዛችሁ ወይም ልትገዙ ላሰባችሁ፣ ይቺ ትጠቅማችኋለች። የኔ 24 ኢንች ነው፣ 165 ኸርዝ (ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበት ብዛት)፣ ፓነሉ ቪኤ (ጥቁሩን በደንብ አጥቁሮ የሚያሳይ የስክሪን ዓይነት)። ችግሩ? ጌም ውስጥ ጨለማ ቦታ ላይ ካሜራውን ሳዞር ምስሉ ጥቁር ጥላ ይጎትታል።

መጀመሪያ ኸርዙን አየሁ። ዊንዶውስ 60 ላይ አስቀምጦታል፤ ሞኒተሩ ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ (የምስል ኬብል መሰኪያ) የድሮው 1.4 ስለሆነ ደግሞ ከ120 በላይ ምርጫ አያመጣም። ዲስፕሌይፖርት (ሌላ ዓይነት የምስል መሰኪያ) ኬብል ገዝቼ ስሰካ 165 መጣ። በ60 አንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ በ165 ግን 6 አካባቢ፤ ማውዙን ገና ስታንቀሳቅሱት ይታወቃችኋል።

ጥላው ግን አሁንም አለ። የሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ገብቼ ኦቨርድራይቩን (ፒክስሎቹ ቀለም ቶሎ እንዲቀይሩ የሚገፋውን ማስተካከያ) እስከ መጨረሻው ስጨምረው የሚሮጠው ሰው ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ወጣ፣ ስለዚህ መሃል ላይ ተውኩት። ዋናው ለውጥ የመጣው ብላክ ኢኳላይዘሩን (ጨለማ ቦታዎችን ፈካ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ትንሽ ከፍ ሳደርገው ነው፦ ቪኤ በጣም የሚዘገየው ከድፍን ጥቁር ወደ ግራጫ ሲሄድ ስለሆነ፣ ጥቁሩ ትንሽ ሲነሳ ጥላውም አጠረ።

ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ የፓነሉ ባህሪ ነው። ግን ማታ መብራት አጥፍታችሁ ፊልም ስታዩ ጥቁሩ ያምራል፣ እኔ ለዚህ ብቻ እንኳ ከአይፒኤስ (ሌላው የተለመደ የፓነል ዓይነት) አስበልጠዋለሁ። ከጎን ለሚያይ ጓደኛ ግን ቀለሙ ፈዘዝ ይላል።

ሱቅ ስትሄዱ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ከፍታችሁ ወደ ታች አንሸራትቱ። ጽሑፉ ረጅም ሐምራዊ ጭራ ካወጣ ሌላ አውርዱልኝ በሉ።