ከሶርስ ኮድ የሊኑክስ ፓኬጅ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፓኬጅ መሥራት የተማርሁት ከፒያሳ ወደ ለገሐር በሚወርደው በቸርችል ጎዳና ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የሚለውን አነጋገር መጥላት የጀመርሁትም እዚያው ነው። ፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን ተዘጋጅቶ የታሸገ ፕሮግራም፣ ለሌላ ሰው የሚሰናዳ ስንቅ ነው፤ በአሰናጁ ቤት መጣፈጡ ለመንገደኛው አይረባውም። ምሳሌዎቼ ዴቢያንና ኡቡንቱ ከተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው፤ ፌዶራ ላይ የመሣሪያዎቹ ስም ቢለይም ጥፋቱ ያው ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የዕለት ሥራ በሚሠሩበት ኮምፒውተር ላይ መገንባት ነው። በእናቱ ቤት ወጥ የሚሠራ ሰው ጨውና በርበሬው ከየት እንደመጣ አያስብም፤ ባዶ የኪራይ ቤት ሲገባ ነው የሚያውቀው። እኔም ለግንባታ የሚያስፈልጉ ሦስት ላይብረሪዎችን (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸውን ዝግጁ ኮዶች) ፓኬጁ የሚፈልገው ሁሉ በሚሰፍርበት በኮንትሮል ፋይሉ ውስጥ ሳልዘረዝር ቀረሁ። ላይብረሪዎቹ ቀድሞ ለሌላ ሥራ ተጭነው ስለነበር ፓኬጁ ያለ አንዳች ቅሬታ ተገነባልኝ፤ በባልደረባዬ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ግን ገና ከጅምሩ ቆመ። መፍትሔው ፒቢዩልደር ወይም ኤስቢዩልድ ነው። ሁለቱም መሠረታዊው ሲስተምና እርስዎ የዘረዘሩት ብቻ ባለበት ባዶ ክፍል ውስጥ ይገነባሉ። ኢንተርኔቱ የሚያዘግም ከሆነ አፕት ካቸር የተባለውን ፕሮግራም በአንድ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ መትከል ይበጃል፤ አንዴ የወረደው ፓኬጅ ለሁሉም ይዳረሳል።

የባዶው ክፍል ዕድሜም ይታሰብበት። ኡቡንቱ 24.04 ፕሮግራሞች የሚደገፉበትን መሠረታዊ ላይብረሪ፣ ጂሊብሲ 2.39ን፣ ይዞ ነው የሚመጣው፤ 20.04 ደግሞ 2.31። አሮጌ ፕሮግራም በአዲስ ሲስተም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳል፤ ተገላቢጦሹ ግን ዋስትና የለውም። ስለዚህ ደንበኞችዎ ከሚጠቀሙባቸው ሁሉ አሮጌ በሆነው ላይ ይገንቡ።

የተገነባውን ፕሮግራም ወደ ቦታው የሚገለብጠውን «ሜክ ኢንስቶል» የተባለ ትእዛዝ በሩት (በሙሉ አስተዳዳሪ) ሥልጣን በቀጥታ ማስኬድ ሌላው ጥፋት ነው። ፋይሎቹ በሲስተሙ ውስጥ ይበተናሉ፤ ፓኬጆችን የሚጭነውና የሚያስወግደው ዲፒኬጂ ስለማያውቃቸው ሊያስወግዳቸው አይችልም። ለማሸግ ወደ ጊዜያዊ ፎልደር የሚልካቸው ዴስትዲር የተባለው ቅንብር ነው። እርሱን ከፕሪፊክስ ጋር ማምታታት ግን ሌላ ወጥመድ ነው፤ ወድቄበታለሁ። ፕሪፊክስ ፋይሉ በመጨረሻ የሚኖርበት አድራሻ ነው፤ ብዙ ጊዜም በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ይጻፋል። ዴስትዲር የማሸጊያ ካርቶኑ ብቻ ነው። እኔ ካርቶኑን አድራሻ አድርጌ በመስጠቴ ፕሮግራሙ በሰው ኮምፒውተር ላይ ቅንብሩን ከእኔ የግል ፎልደር ሲፈልግ ዋለ።

በግንባታ መካከል ከኢንተርኔት ማውረድም ይቅር። የዴቢያን መመሪያ ለዋናው ማኅደሩ ፓኬጆች ይህን ይከለክላል። ዛሬ የወረደው ነገ ላይገኝ ወይም ተለውጦ ሊገኝ ይችላል።

የቨርዥን ቁጥር ቀላል ይመስላል። ለሙከራ የወጣውን 2.0አርሲ1 ብለው ከሰየሙት ዲፒኬጂ ከ2.0 እንደሚበልጥ ይቆጥረዋል፤ ሙከራውን የጫነ ሰው ዋናው ሲወጣ አይደርሰውም። በመካከሉ ~ ምልክት ከገባ፣ ማለትም 2.0~አርሲ1 ከተባለ፣ ከ2.0 ያንሳል። ስህተቱን በኢፖክ (ከቨርዥኑ ፊት በሚገባና ከሁሉ ቀድሞ በሚነጻጸር ቁጥር) ለማረም አይቸኩሉ፤ አንዴ የገባ ኢፖክ ከቀጣዮቹ ቨርዥኖች ሁሉ ጋር ይኖራል።

የቼንጅሎግን፣ ማለትም የፓኬጁን የለውጥ መዝገብ፣ ቀን በእጅ መጻፍ የእኛው አገር ልዩ ስህተት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ወጣት ባልደረባችን ኅዳር ሲታጠን ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፓኬጅ ሠራ። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21፣ 15 ሰዓት መሆን የነበረበትን ኖቬምበር 12፣ 9 ሰዓት ብሎ ጻፈው። የፓኬጅ ስህተት የሚፈትሸው ሊንቲያን የዕለቱ ስምና ቀኑ አይገጥሙም ብሎ ጮኸ። ቀኑ ለጌጥ አይደለም፤ ዲፒኬጂ የግንባታውን የጊዜ ማህተም የሚወስደው ከዚያ ነው። ዲሲኤች የተባለው መሣሪያ ቀኑንም የ+0300 የሰዓት ቀጠናውንም ራሱ ይሞላል፤ ኮምፒውተሩ በትክክል ከተስተካከለ ማለት ነው።

የግንባታው ትእዛዞች በሚጻፉበት በሩልስ ፋይል ውስጥ በታብ ፋንታ ባዶ ቦታ ማስገባት ግማሽ ቀን ይበላል። ከዚህ በላይ የሚባልለት የለም።

በመጨረሻ፣ ከተጫነ በኋላ የሚሠራው ፖስትኢንስት ስክሪፕት አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል ብለው አያስቡ። የእኔው ስክሪፕት ለፕሮግራሙ የተጠቃሚ ስም ይፈጥር ነበር። በአንድ ደንበኛ ቢሮ በጭነት መካከል መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ ዲፒኬጂ ስክሪፕቱን እንደገና ጀመረው፣ «ተጠቃሚው አስቀድሞ አለ» ብሎም ወደቀ። ፓኬጁ ግማሽ ተጭኖ፣ መቀጠልም አቅቶት ተገተረ። ከዚያ ወዲህ ፖስትኢንስቱ ከመፍጠሩ በፊት መኖሩን ይጠይቃል፤ እኔም በባዶው ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ ሳልጭንና አንድ ጊዜ ሳላስወግድ ፓኬጁን በፍላሽ ለማንም አልሰጥም።