የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት አልበግረው ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

አንዲት እናት ባዶ የክኒን ማሸጊያዎችን በፌስታል ሰብስበው ፋርማሲ መጡና ባንኮኒው ላይ ዘረገፏቸው። «ልጄ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋጥኩት፤ ጨጓራዬ ያው ነው። እስቲ ያንኑ ድገምልኝ» አሉኝ። አልደገምኩላቸውም። ከማሸጊያዎቹ አንዱ ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ነበር።

ምልክት 1፦ መድኃኒቱ አልቋል፣ ማቃጠሉ ግን አለ

መጀመሪያ ባክቴሪያው (ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ) በእርግጥ መኖሩ ይጣራ። የደም ምርመራ የሚያየው ሰውነት ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም፤ ባክቴሪያው ከጠፋ ከወራት በኋላም «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። በዚያ ወረቀት ብቻ ስንቱ ሰው በከንቱ አንቲባዮቲክ እንደሚደግም ሳስብ ያበሳጨኛል። መታየት ያለበት ሰገራ (የባክቴሪያውን ቅንጣት የሚፈልገው የአንቲጅን ምርመራ) ወይም ትንፋሽ ነው፤ እሱም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ከቆሙ ደግሞ ከ2 ሳምንት በኋላ። ኦሜፕራዞል እየዋጡ ከተመረመሩ ባክቴሪያው እያለ «ኔጌቲቭ» ሊባል ይችላል። በትክክል ተመርምረው ነጻ ከሆኑ፣ የሚያቃጥልዎት ሌላ ነገር ነው፤ ለወገብ ወይም ለጉልበት የሚውጡትን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ምልክት 2፦ ክላሪትሮማይሲን ያለበትን ሕክምና ጨርሰው አሁንም ፖዘቲቭ

ክላሪትሮማይሲን የሚሠራው የባክቴሪያው ፕሮቲን ማምረቻ (ራይቦዞም) ላይ ተጣብቆ ሥራውን በማስቆም ነው። የሚጣበቅበት ቦታ 23ኤስ የሚባል፣ ወደ 3,000 የሚጠጉ የዘረመል ፊደላት ያሉት ክፍል ነው። ከእነዚህ ውስጥ 2142ኛዋ ወይም 2143ኛዋ ፊደል ብቻ ስትለወጥ፣ ለምሳሌ «ኤ» የነበረችው «ጂ» ስትሆን፣ መድኃኒቱ መያዣ ያጣል። በእኛ ቋንቋ «ገደለ» በአንዲት ፊደል «ገደፈ» እንደሚሆነው ነው።

ለውጡን የፈጠረው መድኃኒቱ አይደለም። ባክቴሪያው ሲባዛ በአጋጣሚ የሚመጣ የቅጂ ስህተት ነው፤ መድኃኒቱ ሌሎቹን ጨርሶ ለዚያኛው ሜዳውን ይለቅለታል። ከዓመታት በፊት ለጉሮሮ ወይም ለሳል የወሰዱት አዚትሮማይሲንም የዚሁ ቤተሰብ ስለሆነ ያንኑ ምርጫ ቀድሞ አድርጎ ሊሆን ይችላል።

መፍትሄው ክላሪትሮማይሲንን አለመድገም ነው። መጠኑን መጨመርም ሆነ በአዚትሮማይሲን መተካት አይረዳም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ይህን ባክቴሪያ አዲስ መድኃኒት በጥብቅ ከሚያስፈልጋቸው ተርታ ያስገባው በዚሁ በክላሪትሮማይሲን ምክንያት ነው። በብዛት የሚታዘዘው ምትክ ለ14 ቀን የሚወሰድ የአራት መድኃኒቶች ጥምረት ነው፦ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ ቀናሽ፣ ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል። ቴትራሳይክሊንን ለነፍሰ ጡርና ለትንሽ ልጅ አንሰጥም፤ ከወተት ጋርም አይዋጥም።

ምልክት 3፦ ለአሜባና ለጃርዲያ ሜትሮኒዳዞል ደጋግመው ወስደዋል

ይህ እኛ ሀገር ያልነካው ሰው ጥቂት ነው። ሜትሮኒዳዞል ሲዋጥ ገና መርዝ አይደለም፤ መርዝ የሚያደርገው ባክቴሪያው ራሱ በራሱ ኢንዛይም ነው። አርዲኤክስኤ የተባለው ጂን ሲበላሽ ኢንዛይሙ ይጠፋል፣ ክኒኑም ሳይነቃ ይቀራል። ባክቴሪያው የዳነው አዲስ ጋሻ ይዞ ሳይሆን የራሱን ገመድ በጥሶ መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል። ደግነቱ ይኼኛው እንደ ክላሪትሮማይሲኑ በሩን ጥርቅም አድርጎ አይዘጋም። መጠኑ ከፍ ብሎ ከቢስመዝ ጋር ሙሉ 14 ቀን ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ሌቮፍሎክሳሲንም ሌላ አማራጭ ነው፤ ግን ለታይፎይድ ወይም ለሽንት ቧንቧ የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ሲፕሮፍሎክሳሲን ደጋግመው ከወሰዱ ጋይርኤ የተባለው የባክቴሪያው ጂን 87ኛ ወይም 91ኛ ቦታው ላይ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ይጠቁሙ። አሞክሳሲሊንን የሚቋቋመው ባክቴሪያ ጥቂት ስለሆነ ሊደገም ይችላል።

ምልክት 4፦ ጂኑ አልተለወጠም፣ መድኃኒቱ ግን አልሠራም

ኦሜፕራዞሉን መቼ ነበር የሚውጡት? ከምግብ በኋላ ከሆነ አንዱ ችግር እሱ ነው። ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት፣ ጠዋትና ማታ መሆን አለበት፤ አሲዱ ካልቀነሰ ባክቴሪያው መባዛቱን ይቀንሳል፣ አሞክሳሲሊን ደግሞ የሚገድለው የሚባዛውን ነው። ሌላው፣ አፋቸው ብረት ብረት ስላላቸው በአምስተኛው ቀን የሚያቆሙ አሉ።

እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ካልሆነ፣ በኢንዶስኮፒ (በካሜራ ቱቦ) ከሚወሰድ ናሙና ወይም ከሰገራ በፒሲአር (ጂንን አባዝቶ በሚያይ ምርመራ) የጂን ለውጡን ማየት ይቻላል። ናሙናውን አሳድጎ መድኃኒት መፈተንም አለ፤ ቀናት ይፈጃል።

እኚያን እናት ከነፌስታላቸው ወደ ሐኪማቸው መለስኳቸው፤ ማሸጊያዎቹን እንዳይጥሏቸው አደራ ብዬ። አዲሱን ማዘዣ ይዘው ሲመጡ ቢስመዝ ነበረበትና ምላስዎም ሰገራዎም ይጠቁራል፣ አይደንግጡ አልኳቸው። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና ክፉኛ የሚሸት ጥቁር ከሆነ ግን ደም ነውና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።