ነገ ክፍል የሚገቡ መምህራን በቴክኖሎጂ ማስተማር እንዲችሉ እንዴት እናዘጋጃቸው?

በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የአይሲቲ ኮርስ አለ፣ ሰልጣኙ ወርድ ላይ መፃፍ፣ ኤክሴል ላይ ውጤት መደመር፣ ፓወር ፖይንት መስራት ይማርና ፈተናውን ያልፋል። ከዛ ፕራክቲከም (ት/ቤት ሄዶ የማስተማር ልምምድ) ወጥቶ 60 ተማሪ ፊት ሲቆም ያን ሁሉ ምን እንደሚያደርግበት ግራ ይገባዋል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተር መቻል ሌላ ነው በኮምፒውተር ማስተማር ሌላ ነው። ይሄን የምፅፈው ሰልጣኞችን ለምታስተምሩም፣ እራሳችሁ እየሰለጠናችሁ ላላችሁም ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ መምህሩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ያጠቃልላል፣ መሀሉን ስክሪኑ ያስተምራል። ተማሪው እጁን አውጥቶ አልገባኝም ቢል ስርጭቱ አይጠብቀውም። ያኔ እቃው ገባ፣ መምህሩ ግን ቦታ አጣ። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ መመዘኛው አንድ ነው፦ መምህሩ ሲፈልግ ማቆም፣ ወደኋላ መመለስና መጠየቅ ይችላል ወይ?

1. ከእቃው ሳይሆን ከርዕሱ ጀምሩ

ሰልጣኙን "አንድ አፕ ምረጥና ሌሰን ፕላን ስራ" አትበሉት። የመማሪያ መፅሀፉን ይክፈትና ተማሪ ሁልጊዜ የሚቸገርበትን ቦታ ይፈልግ፣ ካልመጣለት ልምድ ያለው መምህር ይጠይቅ። ሚሽራና ኮለር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ቲፓክ (TPACK) በሚለው ማዕቀፋቸው ያስቀመጡት ሀሳብ ይሄው ነው፣ ይዘቱን ማወቅ፣ የማስተማር ዘዴውን ማወቅና ቴክኖሎጂውን ማወቅ ለየብቻቸው ቆመው አይበቁም፣ አንድ ርዕስ ላይ መገናኘት አለባቸው። እና ለርዕሱ ቾክና ሰሌዳ ከበቃ ይብቃ፣ ሰልጣኙ "እዚህ ጋ ቴክኖሎጂ አያስፈልገኝም" ብሎ ምክንያቱን ካስረዳ ሙሉ ማርክ ይገባዋል ባይ ነኝ።

2. ያለ ኢንተርኔት የሚሰራ ነገር ያዙ

ለሳይንስና ለሂሳብ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት (PhET) የሚባል የሲሙሌሽን፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚሰራ ሙከራ፣ ስብስብ አለ፣ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው፣ ነፃ ነው፣ ሲሙሌሽኑን አንዴ አውርዶ በፍላሽ ገልብጦ ላፕቶፕ ላይ ያለ ኔትወርክ መክፈት ይቻላል። ለጂኦሜትሪና ለግራፍ ጂኦጂብራ (GeoGebra) የሚባል ፕሮግራም አለ። ለቋንቋ ትምህርት ደግሞ የስልክ ድምፅ መቅጃ ብቻውን ብዙ ይሰራል፣ ተማሪው ሲያነብ ተቀድቶ እራሱን ይሰማል።

3. አንዱን ትምህርት እስከ ጥጉ ስሩት

ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት። ሁለት አምፖል በተከታታይ ሲገናኙ ብዙ ተማሪ መጀመሪያ ያለው አምፖል ከረንቱን ስለሚበላው ሁለተኛው ይደበዝዛል ብሎ ያምናል፣ መምህሩ ቢያስረዳውም ለፈተና ይሸመድደዋል እንጂ እምነቱን አይለቅም። ሰልጣኙ የፌትን ሰርኪዩት ይክፈት፣ 9 ቮልት ባትሪ፣ ማብሪያ፣ አሚሜትር (የከረንት መለኪያ) እና 10 ኦህም የሆነ አንድ አምፖል ያገናኝ፣ አሚሜትሩ 0.9 አምፔር ያሳያል። አሁን ማብሪያውን ከፍቶ (ማለትም ከረንቱን አቋርጦ) ሁለተኛ ተመሳሳይ አምፖል በተከታታይ ይጨምርና ስክሪኑን ሳይነካ ይጠይቅ፦ "የቱ ይደምቃል? የመጀመሪያው የምትሉ እጅ አውጡ። ሁለተኛው? እኩል የምትሉስ?" ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ይፃፈው፣ ከየወገኑ አንድ አንድ ተማሪ ለምን እንዳለ ያስረዳ። ከዛ በኋላ ነው ማብሪያው የሚነካው። ሁለቱም እኩል ይበራሉ፣ አሚሜትሩ በየትኛውም ቦታ ቢገባ 0.45 ነው። ተማሪው አስቀድሞ እጁን አውጥቶ ስለወሰነ ያየው ነገር ያከራክረዋል፣ ትምህርቱ ያለው እዛ ክርክር ውስጥ ነው። ሰልጣኞች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይሄንን ጥያቄ ነው፣ ቀጥታ መልሱን ያሳያሉ፣ እንደዛ ከሆነ ደግሞ ከፕላዝማው በምን ተለየ? እውነተኛ ባትሪና አምፖል ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ፣ ሲሙሌሽኑ ቁጥሩን ለማሳየት ይከተል።

4. ማይክሮ ቲቺንግ፣ በስልክ እየተቀረፀ

ሰልጣኙ ለጓደኞቹ አስር ደቂቃ ያስተምር፣ አንዱ በስልክ ይቅረፀው፣ ከዛ አብራችሁ እዩት። ስለ ስላይዱ ማማር አታውሩ። ፊቱ ወደ ስክሪን ነው ወደ ተማሪ? ከጠየቀ በኋላ ለመልስ ጊዜ ሰጠ ወይስ እራሱ መለሰው? ከኋላ የተቀመጠው ፅሁፉን ያነበዋል? አንድ ነገር ብቻ እንዲያስተካክል ንገሩትና ያኑ ትምህርት ደግሞ ያስተምር፣ መድገሙን አትተዉት፣ ለውጡ የሚመጣው ሁለተኛው ላይ ነው።

5. መሀል ላይ መብራት አጥፉበት

የምሬን ነው። ሰልጣኙ ትምህርቱን እንዳጋመሰ ፕሮጀክተሩን ንቀሉት፣ ሰርኪዩቱን ሰሌዳ ላይ ስሎ እጅ እያስወጣ መጠየቁን መቀጠል ይችላል? ሌሰን ፕላኑ ላይ "መብራት ከሌለ" የሚል መስመር የግድ ይኑር።

6. ፕራክቲከም ከመውጣቱ በፊት

ት/ቤቱ ሄዶ ይይ፣ ሶኬቱ ይሰራል? መስኮቱ መጋረጃ አለው ወይስ ፀሀዩ ስክሪኑን ያጠፋዋል? ርዕሰ መምህሩስ ስልክ ክፍል ይዞ መግባትን ይፈቅዳሉ? የህፃናቱን ፊት የሚያሳይ ቪዲዮ ደግሞ ያለ ወላጅና ያለ ት/ቤቱ ፈቃድ ቴሌግራም ላይም ቲክቶክ ላይም እንዳይለጥፍ አስቀድማችሁ በግልፅ ንገሩት። አብሮት የሚመደበው ነባር መምህርም እቅዱን ከአንድ ሳምንት በፊት ይየው፣ የዛን ክፍል ልጆች የሚያውቃቸው እሱ ስለሆነ የትኛው ጥያቄ እንደሚከብዳቸው ይነግረዋል።