የኮራል ቁራጮችን በርካሽ መቆሚያ ሲያሳድጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮራል የባሕር እንስሳ ነው፤ ከእሱ የተቆረጠ ቁራጭ በቤት አኳሪየም ውስጥ ተጣብቆ ለሚያድግበት መቆሚያ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ኮራሉ የሚፈልገው የማይነቃነቅ፣ መርዝ የማይለቅና ሥጋው እየተንፏቀቀ ሊሸፍነው የሚችል ሻካራ ገጽ ነው። በፍሎሪዳ የተጎዱ ሪፎችን፣ ማለትም ኮራሎች ባሕር ውስጥ የገነቧቸውን የድንጋይ ክምሮች፣ መልሶ የሚተክለው ኮራል ሪስቶሬሽን ፋውንዴሽን እንኳ ቁራጮቹን ባሕር ውስጥ አንጠልጥሎ የሚያሳድገው ከፒቪሲ ቱቦና ከፋይበርግላስ ዘንግ በተሠሩ ዛፍ መሰል ማማዎች ላይ ነው። በርካሽ ዕቃ መሥራት የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያንገበግበው በብዙ ትዕግሥት ያደገ ኮራል ትንሽ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ሲሞት ማየት ነው።

ሲሚንቶው ውሃ ሳይጠጣ ወደ አኳሪየም ማስገባት

ከስህተቶች ሁሉ ብዙ ኮራል የሚፈጀው ይህ ይመስለኛል። ፖርትላንድ ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ የራሰ ኖራ፣ ማለትም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጥራል። በአዲስ ሲሚንቶ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚቀረው ውሃ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ከ12 በላይ ሲሆን የሪፍ አኳሪየም ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ7.8 እና በ8.4 መካከል ይቆያል። መቆሚያው ደርቆና ጠንክሮ ስለታየ ብቻ ዝግጁ ነው ማለት አይደለም። ጥንካሬው በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ኖራው ግን ለሳምንታት መውጣቱን ይቀጥላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶን ከሦስት ወይም ከአራት እጅ የአራጎናይት አሸዋ (ከካልሲየም ካርቦኔት የሆነ አሸዋ) ወይም ኦይስተር ከተባለው የባሕር እንስሳ የተፈጨ ቅርፊት ጋር በጥቂት ውሃ ያቡኩ። ደረቅ ድፍን ጨው ቢጨምሩበት ኋላ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ቀዳዳ ይተዋል፤ ኮራሉም ሆነ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ቀዳዳውን ይወዱታል። የተቀረጸውን በፕላስቲክ ሸፍነው ጥቂት ቀን እርጥበቱን ያስጠብቁ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይዘፍዝፉት፤ ውሃውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይለውጡ፤ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይታገሡ። ግንበኞች ለኮንክሪት ጥንካሬ የሚቆጥሩትን 28 ቀን እዚህ እንደ ማብቂያ አይውሰዱት።

መድረሱን ለማወቅ ከአኳሪየሙ የተቀዳ ውሃ በሁለት ብርጭቆ ይሙሉ። በአንዱ ጥቂት መቆሚያዎችን ይክተቱ፤ ሌላውን ባዶውን ይተዉት። ከ24 ሰዓት በኋላ የሁለቱ ፒኤች እኩል ከሆነ መቆሚያው ደርሷል፤ የመጀመሪያው ከፍ ካለ መዘፍዘፉን ይቀጥሉ። ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ ይህን ፈተና አምናለሁ፤ ምክንያቱም የሲሚንቶው ዓይነት፣ የመቆሚያው ውፍረትና የክፍሉ ሙቀት ሁሉ ጊዜውን ይለውጡታል።

ጊዜውን ለማሳጠር ኮምጣጤ ውስጥ የሚነክሩ አሉ። ኮምጣጤው የላዩን ኖራ ያከሽፋል፤ ውስጥ ያለው ግን በሚቀጥሉት ቀናት ይወጣል። ይባስ ብሎ አሲዱ አሸዋውንና ቅርፊቱን ይበላል። እርግጥ ነው፣ ያልደረሰ አንድ መቆሚያ በ400 ሊትር አኳሪየም ውስጥ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ሃያውን በአንድ ጊዜ 40 ሊትር ውስጥ መክተት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በሲሚንቶ ፋንታ ጄሶ መጠቀም

ጄሶ ቶሎ ስለሚጠነክርና በመልክ ስለሚያምር ያታልላል። ነገር ግን ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ ውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ ይሟሟል፣ ይፈረካከሳል። ኮራሉ ሥር ሲይዝ መቆሚያው ያልቃል። አይሞክሩት።

የሴራሚክ ንጣፍን በሚያብለጨልጭ ፊቱ መጠቀም

ከቤት እድሳት የተረፈ የሴራሚክ ስባሪ፣ ትክክለኛው ፊት ከተመረጠ፣ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው መቆሚያ ነው፤ እንደ ሲሚንቶ ሳምንታት መጠበቅን አይጠይቅም። ችግሩ የሚያብለጨልጨው ቅብ ላይ ነው። ሙጫ በደንብ አይዘውም፤ የኮራሉም ሥጋ ለመንፏቀቅ ይቸገራል። በተለይ አሮጌና ደማቅ ቀለም ያላቸው ቅቦች እርሳስን የመሰሉ ብረቶች ሊኖሩባቸው ይችላል። ቅብ የሌለውን ንጣፍ ይፈልጉ። ካልተገኘ ቀለም የሌለውን ነጩን ወስደው ገልብጠው በጀርባው ይሥሩ። ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር ስፋት ባላቸው ቁራጮች ይስበሩት፤ ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ በድንጋይ ይሞርዱት።

ያልተወለወለና ማሸጊያ ያልተቀባ የእብነ በረድ ስባሪም ይሆናል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ለኮራል ባዕድ አይደለም። የመጠጥ ውሃ ፒቪሲ ቱቦ ቁራጭም ያገለግላል፤ ብቻ ገጹ ልሙጥ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ይሻክር።

መቆሚያዎቹን ለመደርደር ከቢሮ መብራት ሥር የሚገጠመው ፍርግርግ ፕላስቲክ ርካሽና ጥሩ ነው። ከአሸዋው ከፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ ካልሆነ ቆሻሻ ከሥሩ ይከማቻል።

ለክብደት ብሎ ብረት መጨመር

ቀንድ አውጣና ሸርጣን ቀላል መቆሚያዎችን ስለሚገለብጡ አንዳንዶች ሳንቲም፣ ብሎን ወይም የሽቦ ቁራጭ ሲሚንቶው ውስጥ ይቀብራሉ። መዳብና ነሐስ አከርካሪ ለሌላቸው እንስሳት በጣም ጥቂቱም መርዝ ነው። ዚንክ የተቀባ ሽቦም አይሻልም። በሙጫ የተሸፈነ ማግኔት እንኳ ሽፋኑ ሲሰነጠቅ ይዝጋል። ክብደት ካስፈለገ መቆሚያውን ሰፋ ማድረግ ይበቃል።

ያገኙትን ሙጫ ሁሉ መጠቀም

ውሃ የመሰለው ሱፐር ግሉ ይፈስሳል፤ ቁራጩን ለመያዝም አቅም የለውም። የሚያስፈልገው ወፍራሙና ጄል የሚባለው ነው። እርጥበት ሲነካው ስለሚጠነክር መቆሚያውን ጠረግ አድርገው፣ ኮራሉን ተጭነው፣ ወዲያው ውሃ ውስጥ መክተት ይቻላል። ሲሊከን ሲገዙ ሻጋታ ይከላከላል የሚለውን አይውሰዱ፤ ሻጋታን የሚገድለው ኬሚካል ኮራሉንም አይምርም።

እንደ ሳርኮፊተን ያሉ ለስላሳ ኮራሎች ግን ሲቆረጡ ልጋግ ያወጣሉ፤ የትኛውም ሙጫ በልጋግ ላይ አይያዝም። እነዚህን በቀጭን መረብ መቆሚያው ላይ ማሰር፣ ወይም ደቃቅ ድንጋይ በያዘ ሳህን ውስጥ ለስለስ ያለ የውሃ ፍሰት ባለበት ቦታ መተው ይሻላል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሳቸው ይጣበቃሉ። መረቡ ከዚያ በኋላ ይፈታል።

አሮጌ መቆሚያ ቀቅሎ ማጽዳት

እዚህ ላይ ነገሩ ከኮራሉ አልፎ ወደ ቤተሰብ ጤና ይሻገራል። ዞአንቲድና ፓሊቶአ የተባሉት አበባ መሰል ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተሰኘ ብርቱ መርዝ ይይዛሉ። መርዙ በ1971 ከሃዋይ ፓሊቶአ ተነጥሎ የታወቀ ሲሆን መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም የሚያክመው ምልክቱን ብቻ ነው። እነዚህ ኮራሎች ያደጉበትን ድንጋይ የቀቀሉ ወይም በፈላ ውሃ የፈተጉ ሰዎች እንፋሎቱን ተንፍሰው ሆስፒታል ገብተዋል። መቀቀል መርዙን ያጠፋዋል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፤ ወደ አየር ያወጣዋል።

ስለዚህ ያገለገለ መቆሚያ በፍጹም አይቀቅሉ፤ ማይክሮዌቭ ውስጥም አያስገቡ። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገው፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ በውሃ በተበረዘ በረኪና ይዘፍዝፉት። በረኪና መርዙን ያከሽፋል። በረኪናውን ከኮምጣጤ ጋር አይቀላቅሉ፤ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል። በደንብ ካጠቡት በኋላ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ይተዉት። በእርግጥ ፓሊቶአ ያደገበትን መቆሚያ እኔ አላጸዳም፤ እርጥብ እንዳለ በፕላስቲክ ጠቅልዬ እጥለዋለሁ። ዋጋው ጥቂት ሳንቲም ነው።

ከሌላ ሰው የተቀበሉት ቁራጭ ደግሞ ከነመቆሚያው ወደ ቤትዎ አይግባ። አክሮፖራ የተባለውን ድንጋያማ ኮራል የሚበሉ ጠፍጣፋ ትሎች እንቁላላቸውን ከኮራሉ ሥር ይለጥፋሉ፤ የተለመዱት የማጥመቂያ መድኃኒቶች ትሉን ቢገድሉም እንቁላሉን አይነኩም። ከሥሩ ትንሽ ከፍ አድርገው ይቁረጡና በራስዎ መቆሚያ ላይ ይትከሉት።

ከባሕር ዳርቻ ድንጋይ ማንሳት

ጅዳ ወይም ዱባይ ለሚኖሩ ወገኖች ይህ ፈተና ቅርብ ነው። የሞተ የኮራል አጽም በነጻ ወድቆ ይታያል። ነገር ግን ድንጋያማ ኮራሎች፣ አጽማቸውን ጨምሮ፣ ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይቲስ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ከአገር አገር ለማዘዋወር ፈቃድ ይጠይቃሉ። ብዙ አገሮች ከዳርቻ ማንሳቱንም ይከለክላሉ። ሕጉ ባይኖር እንኳ ከሪፍ አጠገብ የሚለቀም ድንጋይ ለሪፉ መልሶ ማገገም የሚያስፈልግ መሠረት ነው፤ ቤት ውስጥ ኮራል የምናራባው ከባሕሩ የሚወሰደውን ለመቀነስ ከሆነ እጃችንን ከዚያ ድንጋይ ላይ ማንሳት ይገባናል።

ተንሠራፊውን ኮራል ከዋናው ድንጋይ ጋር ማጣበቅ

ግሪን ስታር ፖሊፕና ዜንያ የተባሉት በፍጥነት የሚስፋፉ ለስላሳ ኮራሎች መቆሚያቸውን ሲሞሉ አጠገባቸው ወዳለው ሁሉ ይሻገራሉ። መቆሚያቸው ከዋናው የድንጋይ ክምር ጋር ከተጣበቀ ሌሎቹን ኮራሎች ሸፍነው ያፍናሉ፤ ያን ጊዜ ማውጣት የሚቻለው ድንጋዩን በመፈንቀል ነው። እነዚህን በአሸዋ በተከበበ ለብቻው በቆመ ሴራሚክ ላይ ያኑሯቸው። በዙሪያቸው ከአምስት ሴንቲሜትር ያላነሰ ባዶ ቦታ ይተዉ፤ ጠርዙን አልፎ የሚወጣውን ምንጣፍ በሹል ምላጭ ይቁረጡት። የተቆረጠው ራሱ ለአዲስ መቆሚያ የሚሆን ቁራጭ ነው።