ከሐይቅ ዳር ወይን፦ ቀይ ወይን ጠጅ እንዴት ይጠነሰሳል፣ እንዴትስ ይደባለቃል

«ወይና ደጋ» የሚለው ስም ውስጥ ራሱ ወይን አለ። ሐይቅ ከተማም ወይና ደጋ ነው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 2,000 ሜትር አካባቢ። ሌሊቱ ስለሚበርድ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል። ኮምጣጣነቱ አይጠፋም፤ ስኳሩ ግን ሊያንስ ይችላል።

ለመልቀም አትቸኩሉ። አንዱን ፍሬ ቀምሳችሁ ዘሩን እዩት። አረንጓዴ ከሆነ ተዉት፣ ቡናማ ሲሆን ልቀሙ። ጠቆር ያለውንና ቀላ ያለውን ዝርያ ለየብቻ አድርጉ፤ የሚደባለቁት በመጨረሻ ነው። ከ10 ኪሎ ፍሬ 6 ሊትር ያህል ይገኛል።

ፍሬውን ከእንጨቱ ነጥላችሁ በንጹህ እጅ ጭመቁት። ዘሩ እንዳይሰበር፣ ይመራል። (ግማሹ ጎረቤቴ አይጠጣም፤ ጭማቂውን የምቀዳላቸው በዚህ ሰዓት ነው።) ከነልጣጩ ባልዲ ውስጥ አድርጉት፣ ሩቡን ባዶ ተዉለት። ጌሾ አይገባበትም። የወይን እርሾ ጨምሩ። ጣፋጭነቱ ካነሰ፣ በሊትር 17 ግራም ስኳር አልኮሉን በ1 በመቶ ያህል ከፍ ያደርገዋል። በሻሽ ሸፍኑት።

በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ልጣጩ ተንሳፍፎ እንደ ክዳን ይደርቃል። ጠዋትና ማታ በማማሰያ ወደ ታች ድፈቁት። ሲሰነጠቅ ሽሽሽ ይላል፣ ሐምራዊ አረፋ ይወጣል። ቀለሙ የሚመጣው ከልጣጩ ነው። ካልደፈቃችሁት ደግሞ ወደ አቼቶ ይሄዳል።

አንድ ዓመት በአራተኛው ቀን ጸጥ አለብኝ። «ሞተ» ብዬ እርሾ ደገምኩበት። ለካ በርዶት ነው! ጋቢ ጠቅልዬ ማድቤት ባስገባው፣ ማታውኑ መፍላት ጀመረ።

ከሳምንት በኋላ አጥልላችሁ እስከ አንገቱ ጠርሙስ ሙሉ። አፉ ላይ በመርፌ የተበሳ ፊኛ አጥልቁ። ግጥም አድርጋችሁ ከከደናችሁት ይፈነዳል። ፊኛው ሲሟሽሽ ከአተላው በቱቦ ገልብጡት፤ ከሁለት ወር በኋላ ድገሙት።

አሁን ድብልቁ። ጠቆር ያለው ቀለምና ክብደት ይሰጣል፣ ቀላ ያለው መዓዛና ኮምጣጣነት። ሦስት ብርጭቆ አስቀምጡና በሲሪንጅ እየለካችሁ፣ ጠቆር ያለውን በማስቀደም፣ 70 ለ 30፣ 50 ለ 50፣ 30 ለ 70 አዘጋጁ። ቅመሱና ትፉት፤ ከዋጣችሁ በሦስተኛው ብርጭቆ ሁሉም ይጥማችኋል። የኮመጠጠውን በጥሩው ለመሸፈን ግን አትሞክሩ፣ ሁለቱም ይበላሻል። የመረጣችሁትን አዳር አቆዩትና ጠዋት ድጋሚ ቅመሱ። እኛ ቤት ማታ 50 ለ 50 ያሸነፈው፣ ጠዋት በ70 ለ 30 ተሸነፈ።